ቀዩን ወይስ ነጩን

አስማረ በዕድሜው ሦስት ትራክተር ገዝቷል። ለአንዱም ከአንድ ቀን በላይ አላሰበም። ሞተሩን ያስነሳል፣ ጆሮውን ይሰጣል፣ ዘይቱን በሁለት ጣቱ አሽቶ ያሸታል፣ ከዚያ «ይኼ ይሁን» ይላል፤ አለቀ። በሱዳን ጠረፍ ባለችው ኮኪት ትራክተር ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ አስማረን ይዞ ነበር የሚሄደው። እሱም ይህን ስለሚያውቅ በመጠኑ ይኮራ ነበር። እንግዲህ ሁለት ትንንሽ የቤት መኪኖች ፊት ቆሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣው ይኸው ሰው ነው።

መኪናውን የፈለገው ለታይታ አልነበረም። ለታይታማ ቢሆን አምና ሰሊጡን ሲሸጥ ይገዛ ነበር። ነገሩ የልጅ ነገር ነው። አስማረና ባለቤቱ ታይቱ አንዲት ልጅ ብቻ ናት ያለቻቸው፤ ሠላማዊት። በአሥራ አራት ዓመቷ ለትምህርት ጎንደር አክስቷ ዘንድ ሄደች፣ እዚያው ተምራ አስተማሪ ሆነች፣ እዚያው ናሁሰናይ የሚባል ጨዋ የሒሳብ ሠራተኛ አገባች። ኮኪት የምትመጣው ለበዓል ነው። ሁለት ቀን አድራ፣ ሙቀቱ ገደለኝ እያለች ትመለሳለች። አስማረ ለማንም አይናገረው እንጂ ልጁ ከሄደች ወዲህ ከሳምንት በላይ አብሯት ሰንብቶ አያውቅም። አንዳንድ ቀን ከእርሻ ሲመለስ የግቢውን ጭርታ ይጠላዋል። ትራክተሩን ያቆምና ወዲያው አይወርድም።

ዘንድሮ ሠላማዊት ማርገዟ ተሰማ። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ ይህን በአገሩ የሚከራከርበት የለም። አስማረ ወሬውን እንደሰማ የውስጠኛውን ክፍል ቀለም አስቀባ፣ አልጋ ከጎንደር አስጫነ፣ ጣራው ላይ የሚዞር ማራገቢያ አሰቀለ፣ ለአራሷ ብሎም ሁለት ሙክት አሰረ። ልጂቱ ገና አምስተኛ ወሯን መያዟ ነበር። ታይቱ «ሙክቶቹ እስኪደርስ አርጅተው ይሞታሉ» ብትለውም አልሰማትም።

በጥምቀት ማግሥት ሠላማዊት ደወለች።

«አባየ፣ እኔስ መምጣቱን እወደው ነበር» አለችው። «ሐኪሙ ግን ምጥ እንደጀመረሽ ሳትዘገዪ ሆስፒታል መድረስ አለብሽ ብሎኛል። ኮኪት ላይ ድንገት ቢመጣብኝ በምን ልሄድ ነው? በትራክተር?»

ገንዳ ውኃ ከተማ ያለው ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፣ መንገዱም አስፋልት ከሆነ ቆይቷል። ግን ሚኒባስ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል።

«በር ላይ መኪና ቢቆምስ?» አላት።

«በር ላይ መኪና ከቆመማ እመጣለሁ» አለች።

የአስማረ ልብ በዚያች ቃል ላይ ተንጠለጠለ። መኪና ከቆመ ልጁ ትመጣለች፣ የልጅ ልጁ በቤቱ ይወለዳል። ካልቆመ ጎንደር ትወልዳለች፣ እሱም እንደ ሩቅ ዘመድ ሙክቱን እየጎተተ ሊጠይቃት ይሄዳል። መውለጃዋ የካቲት መጨረሻ ነው።

ጀይሉ ገንዳ ውኃ ላይ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ነው። ሱዳን ሲመላለስ ስለኖረ አንደበቱ ግማሽ ዓረብኛ ነው፣ ያልማለበትን ዕቃም ሸጦ አያውቅም። አስማረ ጉዳዩን በነገረው በሦስተኛው ቀን ሁለት መኪና ግቢው አቁሞ ጠራው። አንዱ ቀይ ቪታራ ነው፤ አጭር፣ ከመሬት ራቅ ያለ፣ ባለ ሦስት በር፣ ማርሹ በእጅ የሚገባ። ሌላው ነጭ ራቭፎር ነው፤ ረዘም ያለ፣ ባለ አምስት በር፣ ማርሹን ራሱ የሚቀይር። ሁለቱም ደህና መኪኖች ናቸው። መከራው እሱ ነው። አንዱ ነውር ቢኖርበት ኖሮ አስማረ ዘይቱን አሽትቶ ይደርስበትና በሰላም ቤቱ ይገባ ነበር።

«የትኛው ይሻላል?» አለው።

«ወላሂ ጋሸ፣ ቀዩን የሚያህል የለም» አለ ጀይሉ።

«ነጩስ?»

«ለነጩማ ወላሂ እንከን አይወጣለትም።»

አስማረ ነጩ ውስጥ ገብቶ መሪውን ጨበጠ። በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ፈለገ፤ የለም።

«ግራ እግሬ ምን ይሠራል?»

«ያርፋል ጋሸ።»

ሠላሳ ዓመት ትራክተር ላይ ሲረግጥ የኖረ እግር እንዴት አድርጎ ያርፋል? አስማረ ከነጩ ወርዶ ቀዩ ውስጥ ገባ። ፍሪሲዮኑን ሲረግጠው አንጀቱ ራሰ። ከዚያ ወደ ኋላ ዘወር ቢል ለኋለኛው መቀመጫ በር የሚባል ነገር የለም፤ ኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊቱን ወንበር አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ተጠማዞ ነው የሚገባው። ሠላማዊት ያን ሆድ ይዛ በዚህ ቀዳዳ ስትሾልክ በዓይኑ ሲመጣበት ደስታው ጠፋ። ወርዶ እንደገና ነጩን ዞረው። ያን ቀን ስምንት ጊዜ ዞሮ፣ ምንም ሳይወስን፣ በሚኒባስ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ምክር ይጎርፍ ጀመር። መጀመሪያ የመጣው ቢሻው ነው፤ በአስማረ ትራክተር የሚያርስለት ጎረምሳ።

«ጋሸ፣ መኪና ከመሬት ራቅ ሲል ነው» አለ። «ክረምት የዋልካው ጭቃ ሲነሣ ነጩ ሆዱን ይያዛል። ቀዩን ይግዙ።»

«እሷ የምትወልደው በየካቲት ነው። በየካቲት ዋልካ አለ?»

«የለም። ግን መኪና ለአንድ የካቲት አይገዛም።»

እውነቱን ነው። አስማረ ቀዩን ሊገዛ ቆረጠ። ማምሻውን ናሁሰናይ ደወለ። ናሁሰናይ አማቱን በጣም የሚያከብር ልጅ ስለሆነ አንድ ነገር ለመናገር አምስት ይቅርታ ያስቀድማል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አባባ፣ እንደ እኔ አስተያየት ነጩ ነው የሚሻለው። ለቤተሰብ አምስት በር ነው። ሲሸጡትም ቶሎ ይነሣል።»

አስማረ ነጩን ሊገዛ ቆረጠ። በማግሥቱ ናሁሰናይ እንደገና ደወለና፣ ሌሊቱን ሲያሰላው እንዳደረ፣ ቀዩ ነዳጅ እንደሚቆጥብ፣ ነጩ ግን ሲያረጅ ዋጋው እንደማይወርድ፣ ስለዚህ አባባ በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ለመንዳት እንዳሰቡ ቢነግሩት ደስ እንደሚለው ገለጸለት። አስማረ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚነዳ በምን ያውቃል? መሬት የሚለካው በሄክታር ነው። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብሎ ዘጋው።

ቀጥሎ ከአብርሃ ጅራ አንድ የሰሊጥ ባለሀብት ደወለ፣ ቀይ መኪና በሙቀት አገር ቀለሙ ይበላል አለ። ከሳንጃ የሚስቱ ዘመድ ደወለ፣ ነጭ መኪና አቧራ አይችልም አለ። የደብሩ ቄስ እንኳ ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብለው ከሁለቱ ለሬሳ የሚመቸው የትኛው እንደሆነ ጠየቁት፤ ኮኪት ላይ የአንድ ሰው መኪና የሁሉም ነውና አስቀድሞ ማሰቡ አይከፋም አሉ። አስማረ በየምክሩ ይስማማል። ጠዋት ቀይ ነው፣ ማታ ነጭ ነው። ታይቱን ቢጠይቃት እንጀራ እያጠፈች «እኔ የማውቀው ልጄ እንድትመጣልኝ ነው። የፈለገው በር ላይ ይቁም» አለችው። ይህ መልስ የትኛው እንደሆነ ስላልተናገረ አልጠቀመውም።

ዓርብ ዕለት ጀይሉ ቁርጡን ነገረው። «ጋሸ፣ እሑድ አንድ የጎንደር ሰው መጥቶ ሁለቱንም ይወስዳል። ቅዳሜ ካልመረጡ ኸላስ።» ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሦስት ሰው ተከታትሎ ደወለ፣ ሦስቱም ምክር ነበረው። አስማረ ስልኩን አጠፋና ሣጥኑ ላይ ወረወረው። ሲነጋም ሳያበራው ኪሱ ከተተው።

ያን ሌሊት አንድ ሐሳብ መጣለት፤ በሕይወቱ ካሰባቸው ሁሉ ብልህ ሐሳብ መሰለው። ለምን ሰው ይጠይቃል? ትራክተር ሲመርጥ ማንን ጠይቆ ያውቃል? ማረሻ ቀጥሎ፣ ማሳ ውስጥ አስገብቶ፣ በሥራው ነው የሚፈትነው። የእርጉዝ መኪናም በሥራው መፈተን አለበት። ለዘር ካስቀመጠው ሰሊጥ ሁለት ጣሳ ያህል ሰፍሮ በትንሽ ጆንያ ቋጠረ። ስምንተኛ ወር ላይ ያለ ሆድ ይመዝናል ብሎ የገመተውን ያህል እስኪሆን በእጁ እየመዘነ ጨመረበት። ጋቢውን ደርቦ፣ ለታይቱ «ገንዳ ውኃ ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ።

ጀይሉ ነገሩን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚምልበት ነገር አጣ።

«ይተኛሉ?»

«እተኛለሁ። ኋላ እተኛለሁ። ይህን ሆዴ ላይ አስረዋለሁ። አንተ ሕመምተኛ እንደያዘ ሰው ቀስ ብለህ ንዳ፤ አስፋልቱንም ጥርጊያውንም አሳየኝ። የትኛው ሆድ እንደሚንጥ ያኔ አውቃለሁ። ለማንም ግን እንዳትናገር።»

«ወላሂ አልናገርም።»

መጀመሪያ ቀዩ ነው። አስማረ የፊቱ ወንበር ከታጠፈለት በኋላ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ጆንያው መሐል ላይ ያዘው። ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አለ። ጀይሉ ከውጭ ገፋው፣ አንድ መንገደኛ መጥቶ አገዘው፣ በመጨረሻ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። እግሩን ቢያጥፍ ጉልበቱ ጆንያውን ይገፋዋል፣ ቢዘረጋው በመስኮት ይወጣል። ይህም ሆኖ መኪናው ጥርጊያው ላይ ሲወጣ እንደ ትራክተር ጠንከር ብሎ ይሄዳል፤ ይነቀንቃል እንጂ አያወዛውዝም። አስማረ ወደደው። ወዲያው ደግሞ እሱ የወደደው ለእሷ ይስማማት እንደሆነ አላውቅ አለ።

ቀጥሎ ነጩ ነው። በሰፊው በር ገባ፣ እንደ አልጋ ተዘረጋ። የገበያ ቀን ነበር፤ መንገዱም በገበያው መሐል ያልፋል። አስማረ ሰው እንዳያየው አፍሮ ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናነበ። ሆዱ ጋቢው ሥር እንደ ጉብታ ተነሥቷል። ጀይሉ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ነዳ፣ አደራውን እያሰበ ፊቱን አጠየመ። መሐል ገበያ ላይ በግ የሚነዱ ሰዎች መንገድ ዘጉና መኪናው ቆመ። እዚያ ነበር አዛናው የሚባል የኮኪት የማሽላ ነጋዴ ወደ መስኮቱ የቀረበው። ከጋቢው ጫፍ የወጣውን የአስማረን ጫማ አወቀው።

«ማን ናቸው?» አለው ጀይሉን በዝግታ።

ጀይሉ አልናገርም ብሎ ምሏል፤ መዋሸት ደግሞ አልሆነለትም። «ጋሸ አስማረ ናቸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን ምንም አትጠይቀኝ።» መንገዱ ሲከፈትለት ነድቶ አለፈ። አዛናው ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ቀረ። አስማረ ጋቢው ሥር ሆኖ ይህን ሁሉ አልሰማም፤ ነጩ እንደ ቀዩ አይነቀንቅም፣ ነገር ግን ያወዛውዛል፣ ለእርጉዝ መነቅነቅ ነው ወይስ መወዛወዝ የሚብሰው እያለ ያስብ ነበር።

ወደ አንድ የእርሻ መንደር የሚወስደውን ጥርጊያ ሄደው፣ እዚያም ከጥላ ሥር ምሳ በልተው፣ በሁለቱም መኪና ሁለት ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ሲያበቁ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አስማረ ወገቡን ይዞ ወረደ። «እህስ ጋሸ?» አለው ጀይሉ። አስማረ ቀዩን አየ፣ ነጩን አየ። «ማታ እደውልልሃለሁ» ብሎ ጆንያውን አንጠልጥሎ ሚኒባስ ተሳፈረ።

ኮኪት ሲወርድ የመጀመሪያው ያየው ነገር በደጁ ላይ የቆመ ድንኳን ነው። ቆመ ማለት ይከብዳል፤ የዕድሩ ሰዎች ሁለቱን ምሰሶ ተክለው ሦስተኛውን እየጎተቱ ነበር። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ግቢው ይገባሉ። ከውስጥ ለቅሶ ይሰማል። ቤት ውስጥ ያለችው ታይቱ ብቻ ናት። ጠዋት ደህና ነበረች። እሱ መኪና ውስጥ ተኝቶ ሲንቀዋለል ታይቱ ብቻዋን ሞተችበት። ጆንያውን መንገዱ ላይ ጥሎ እየጮኸ ወደ ግቢው ሮጠ።

ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች ምሰሶውን ለቀቁት። አየሁሽ የምትባል ጎረቤት ስታየው አማተበችና ባለችበት ቁጭ አለች። አስማረ ማንንም አላየም። በለቀስተኛው መካከል ጥሶ ሲገባ ታይቱ ፀጉሯን ፈትታ፣ መሬት ላይ፣ በሁለት ሴቶች ተይዛ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችው። ለቅሶው በአንድ ጊዜ ተቋረጠ።

«አልሞትሽም?» አላት።

«አልሞትህም?» አለችው።

ከዚያ ተነሥታ ጋቢውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ በጡጫ ደረቱን መታችው፣ እንደገና አለቀሰች። ጋቢውን ግን አልለቀቀችም። አስማረ ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ ግን ያጠፋ መሆኑ ገብቶታል። አዛናው ተጠርቶ መጣና ያየውን ተናገረ። መኪናው ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው፣ ሰውየው ተከናንበው ነበር፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ነበር፣ ደላላውም አትጠይቀኝ ብሎታል። ታይቱ ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው። ወደ ሆስፒታሉ የተላኩት ሰዎች እዚህ አልመጡም ተባሉ፤ እንግዲህ መንገድ ላይ አልፈዋል ማለት ነው። ይህን የሰማ ሰው ሌላ ምን ያስባል? አስማረ አንገቱን ደፍቶ የጆንያውን ነገር አስረዳ። ከዚያ የዕድሩ ዳኛ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ግቢው ሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ታይቱ ብቻ አልሳቀችም።

«ሠላማዊት» አለች።

ሳቁ ቆመ።

«ለልጄ ማን ደወለ?» አለ አስማረ።

ቢሻው ከምሰሶው ጀርባ ወጣ። «እኔ ነኝ ጋሸ። በስድስት ሰዓት ገደማ።»

«ምን አልሃት?»

«ምንም አላልኋት። አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ ብትመጪ ጥሩ ነው ነው ያልኋት።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። በአገሩ ሞት በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሞታል፣ ብትመጪ» ነው የሚባለው። የሰማው ሰውም ምን ሆኖ ነው ብሎ አይጠይቅም፣ ጥቁር ልብሱን ፈልጎ ይነሣል። ልጂቱን ላለማስደንገጥ ተብሎ የተነገራት ቃል ከሞት ወሬ በምንም አይለይም።

አስማረ ስልኩን አብርቶ ደወለ። የእሷ ዝግ ነው። ለናሁሰናይ ደወለ። ናሁሰናይ «ሃሎ» ካለ በኋላ የአማቱን ድምፅ ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለሥራ ደባርቅ ነበርሁ፣ ለእሷ ስደውል መንገድ ላይ ነኝ አለችኝና ተቋረጠ፣ እኔም አሁን መጓዜ ነው አለ። በምን እንደተሳፈረች አያውቅም። አንዴም ይቅርታ አላለም።

ስምንተኛ ወሯን የጨረሰች ሴት፣ አባቷ ሞተ ብላ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ፣ በዚያ ሙቀት። አስማረ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም። ድንኳኑን አንሡ፣ ነጠላችሁን አቃኑ፣ እንዳታለቅሱ ብሎ ወጥቶ አስፋልቱ መሐል ቆመ። ከሩቅ እንድታየው ነው። ወሬ ሳይሆን እሱን ራሱን፣ ቆሞ፣ በእግሩ እንድታየው ነው። ጋቢውን አውልቆ ለቢሻው ሰጠው፣ ተከናንቦ የቆመ ለቀስተኛ መስሎ እንዳይታያት።

መኪና ይመጣል፣ ያልፋል። ሚኒባስ ሲመጣ ወደ መስኮቱ ይንጠራራል፣ የለችም። አውቶቡስ መጣ፣ ተማሪና ነጋዴ ብቻ ነው። የቤት መኪና ሲያይ ልቡ ይዘላል፤ ነጭ መጣ፣ ሌላ ሰው ነው፣ ቀይ መጣ፣ አላቆመም። ፀሐይ ወደ ሱዳን በኩል ስታዘነብል አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ባዶ ጆንያ ጭኖ እየተንገጫገጨ መጣ። አስማረ ከመንገዱ ዞር አለለት፤ አይሱዙ አልጠበቀም። መኪናው ግን አልፎት ሃያ እርምጃ ሄዶ ቆመ። የጋቢናው በር ተከፈተ። መጀመሪያ ያበጠ እግር ወጣ፣ ከዚያ ሆድ፣ ከዚያ በጥቁር ነጠላ የተጠቀለለች ሠላማዊት።

ሾፌሩ በወዲያኛው በኩል ዞሮ እጇን ይዞ አወረዳት። እሷ ግን ወደ ሾፌሩም ወደ መሬቱም አላየችም፤ አባቷን ነበር የምታየው። አስማረ ሊሮጥ ፈለገ፣ እንዳያስደነግጣት ፈራ፣ ባለበት ቆሞ እጁን ዘረጋ። በዝግታ መጣች። ፊቱን በመዳፏ ነካችው፣ ጆሮውን ነካችው፣ የሸሚዙን ቁልፍ ያዘች።

«እርስዎ ነዎት?» አለች።

«እኔ ነኝ። አልሞትሁም። ስህተት ነው።»

«አልሞቱም» አለች ለራሷ። አስማረና ሾፌሩ ደግፈው አስቀመጧት። ታይቱ ደርሳ ከኋላዋ አቀፈቻት። ሾፌሩ ላቡን እየጠረገ፣ ከጎንደር በአዘዞ መውጫ ላይ ለመንገዱ ሁሉ እጇን ስታወዛውዝ እንዳገኛት፣ እናቴ ይህ የጭነት መኪና ነው፣ ይንጥሻል ቢላት እንዳልሰማችው ነገራቸው። የመንገዱን ዋጋ አልቀበልም ብሎ ሄደ።

ቤት አስገቧት፣ አዲሱ አልጋ ላይ አስቀመጧት። ማራገቢያው ተከፈተ። አንዲት አዋላጅ ነርስ ከጤና ጣቢያው ተጠርታ መጥታ ሆዷን ዳሰሰች፣ አዳመጠች፣ ልጁም እናቱም ደህና ናቸው፣ ነገር ግን ከእንግዲህ እስክትወልድ የጎንደርን መንገድ እንዳታስብ አለች። ሠላማዊት ራሷን ነቀነቀች። «አልመለስም» አለች። «እዚሁ ነኝ።» ታይቱ እግሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ለብ ባለ ውኃ ታጥባታለች።

ይኸው፣ መጣችለት። አስማረ የተመኘው ሁሉ ሆነ። ይስቅ ወይ ያልቅስ አላወቀም። በር ላይ መኪና የለም፣ ልጁ ግን አልጋው ላይ ናት። የጆንያውን ነገር ከሰው ሳትሰማ ብሎ ራሱ ነገራት፤ ቀዩ ውስጥ እንዴት እንደተቀረቀረ፣ ነጩ ውስጥ እንዴት እንደተንጋለለ። ሠላማዊት ዓይኗ እንዳበጠ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። ሲስቁ ቆዩ። አስማረ ሳቁ ሲያልቅ፣ ሁለት ሳምንት ሲያብሰለስለው የኖረውን ነገር ዝም ማለት አልሆነለትም።

«አይሱዙውስ?» አላት ጠጋ ብሎ። «በጣም ናጠሽ? መነቅነቁ ነው ወይስ መወዛወዙ ነው የባሰብሽ?»

ሠላማዊት አሰበች። ልትመልስለት በእውነት ሞከረች።

«አላውቅም አባየ» አለች። «ምን መኪና እንደሆነም ያየሁት ስወርድ ነው።» አንገቷን ደፋች። «ለመውለድ ነይ ሲሉኝ መኪና ከቆመ አልሁዎ። ሊቀበሩ ነው ስባል ግን በምን ልሂድ ብዬ አንድ ጊዜም አላሰብሁ።»

ታይቱ የልጇን እግር በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀች ቀና ሳትል «እኔስ ምን ብየው ነበር» አለች። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገው።

«ጋሸ፣ ማታ እደውላለሁ ብለውኝ» አለ ጀይሉ። «ሰውየው ነገ በጠዋት ይደርሳል። ቀዩን ነው ነጩን?»

አስማረ ልጁን አያት።

«ጀይሉ» አለ፣ «ልጄ መጥታለች። የፈለገው በር ላይ ይቁም።»

ስልኩን ዘጋው።